ከጋሽ ወንድይፍራው የሰረቅኩት ሰዓት

ስልኩ ሲጠራ ቢሮ ውስጥ አንድ የተበላሸ ማተሚያ ፈታትቼ እጄ በቀለም ተለውሶ ነበር። ቁጥሩን አላውቀውም። በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ «ሃሎ» አልኩ።

«ብሩክ ነህ? ሰሚራ ነኝ፤ የጋሼ ተማሪ።»

ስሟን ባትነግረኝም ድምፅዋን አልስተውም ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ስሸሸው የኖርኩ ድምፅ ነው።

«ጋሼ ትናንት ዐረፉ» አለችኝ። «ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ልደታ ይቀበራሉ። እትዬ ሙሉ ‹ለብሩክ ንገሪው፤ ሳይሰማ እንዳይቀር› ስላለችኝ ነው የደወልኩት።»

«ነፍስ ይማር፤ እመጣለሁ» አልኳት። ቀብሩ ላይ ግን አልተገኘሁም። ማተሚያውን መልሼ ገጠምኩ፤ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከባልደረቦቼ ጋር ወርጄ ምሳ በላሁ። የቀረበልኝን ሽሮ እስከ መጨረሻው እንደጠረግኩት ትዝ ይለኛል። ሰው ሲያፍር የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል ይባላል። የእኔ አልጠፋም።

ይህን የምጽፈው ስለ ጋሽ ወንድይፍራው ነው። ግን ስለ እሳቸው ሳወራ የራሴን ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

ያን ጊዜ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እሳቸው ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእህታቸው ከእትዬ ሙሉ ጋር ይኖራሉ። በሰባት ዓመታቸው ኩፍኝ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ከዚያ በኋላ ተምረው፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ቤት ውስጥም ቢሆን ኮታቸውን አያወልቁም። ሰውን የሚያውቁት በእርምጃው ነው። መጀመሪያ የተዋወቅነው ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ነበር፤ ገና አፌን ሳልከፍት በትራቸውን አቁመው «አንተ ታች የገባኸው ልጅ ነህ። የግራ ጫማህ ተረከዝ አልቋል፤ አሠራው» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ገልብጬ አየሁት። እውነታቸውን ነው።

እትዬ ሙሉ በብዙ ዓመት ትንሻቸው ናት። አንቱ ሲሏት «ማንን አሮጊት ልታደርግ ነው?» ብላ ስለምትቆጣ ሕንፃው ሁሉ አንቺ ይላታል። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን መሆኑን ሰምታ ወደ ቤታቸው የጠራችኝ እሷ ናት።

«ና እስቲ፣ የወንድሜን ማሽኖች አስታርቅልን» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ቤታቸውን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ማንበቢያ፣ ይልቁንም ማዳመጫ፣ አድርገውት ነበር። የድሮ ተማሪዎቻቸው የሰጧቸው ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሏቸው። አንዱ ሳሎን ነው፤ አንባቢ እዚያ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ሲያነብ ድምፁ ይቀረጻል። አንዱ እሳቸው መኝታ ክፍል ነው። ሦስተኛው ትንሿ ክፍል ውስጥ ነው፤ ተማሪዎች እየመጡ የሚያዳምጡት በእሱ ነው። ሦስቱም በአንድ ገመድ ተያይዘዋል። በየሰዓቱም ሰዓት ይናገራሉ። የሚናገሩት በእትዬ ሙሉ ድምፅ ነው፤ አንድ የድሮ ተማሪያቸው ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት አስቆጥሮ ቀርጿት ሄዷል።

ችግሩ መብራት ነው። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ሦስቱም የየራሳቸውን ሰዓት ይዘው ይነሳሉ። እኔ የገባሁ ዕለት ሳሎን ያለው «ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል» አለ። ተቀምጬ ጥቂት ሳልቆይ ከመኝታ ክፍል ያው ድምፅ «አሥር ሰዓት ሆኗል» አለ። ከትንሿ ክፍል ደግሞ «ሁለት ሰዓት ሆኗል» የሚል መጣ።

«ሰማህልኝ?» አለች እትዬ ሙሉ። «አንዷን እኔን እንኳ አልቻለኝም፤ ሦስት ሆኜ ስጨቃጨቅበት ይውላል።»

ጋሽ ወንድይፍራው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ሲያናግሩ ፊታቸውን ልክ ወደ ሰውየው አፍ ነው የሚያዞሩት፤ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል።

«ለጨዋታ አይምሰልህ» አሉኝ። «የምትቀረጸው እያንዳንዷ ቁራጭ የተቀረጸችበት ሰዓት ይጻፍባታል። ተማሪዎቹ የሚሰሙት በዚያ ቅደም ተከተል ነው። ሰዓቱ ከተሳሳተ ምዕራፍ ዘጠኝ ከምዕራፍ ስምንት ቀድሞ ይመጣል፤ ዓይን ያለው ሰው ገልጦ ያስተካክላል፣ እነሱ ግን ግራ ይገባቸዋል። ይሄ አንዱ ነው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው የራሴ ነው። እናንተ ሰዓታችሁ ግድግዳ ላይ ነው፣ እጃችሁ ላይ ነው። የእኔ ሰዓት ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አፍ ላይ ነው የኖረው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ጠባቂያችን ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ ሲያምረው ‹ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ተኙ› ይለን ነበር። አለመሆኑን እናውቃለን፤ ገና የጎረቤቱ የወጥ ሽታ ይመጣል። ግን ምን ትለዋለህ? አላየኸው። ካደግኩም በኋላ ያው ነው። ስንት ሰዓት ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ሊሄድ የፈለገ ሰው ይጨምርበታል፤ ሊያስጠብቀኝ የፈለገ ይቀንስለታል። አሁን በስተርጅና ማንንም የማልጠይቅበት ሰዓት አማረኝ።»

ይህን ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። ረስቼው ነው እንዳልል።

ሥራው ከባድ አልነበረም። የሳሎኑን ኮምፒውተር አለቃ አደረግኩት። እሱ ኢንተርኔት ሲኖር ትክክለኛውን ሰዓት ከውጭ ጠይቆ ይይዛል። ሁለቱ ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው እሱን ይጠይቃሉ፤ አለቃው ያላቸውንም ያለ ክርክር ይቀበላሉ። ጨርሼ ቁጭ አልን። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ከሦስቱም ክፍል በአንድ ጊዜ፣ እንደ አንድ ሰው፣ «አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል» የሚል ድምፅ ወጣ። ጋሽ ወንድይፍራው ተነስተው ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ፈልገው ያዙና «ተባረክ» አሉኝ።

ወዲያው ደግሞ «ድምፅህ ጥሩ ነው። ታነብልኛለህ?» አሉ።

እንዴት እምቢ ይባላል? ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንድ አንድ ሰዓት ላነብ ተስማማን። ከእኔ በፊት ታነብ የነበረች ጡረተኛ ሴት ልጇ ዘንድ ሄዳ ስለነበር ሌላ አንባቢ አልነበራቸውም። የማነበው ለሰሚራ ነው። ሰሚራ ከደሴ መጥታ አብነት አክስቷ ቤት ሆና ሕግ የምትማር ዓይነ ስውር ልጅ ናት። መጽሐፉ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ነው፤ የኮፒ ኮፒ፣ ፊደሉ የደበዘዘ፣ የትኛውም ማሽን አንብቦ የማይጨርሰው። ሰው ካላነበበላት ሌላ መንገድ የላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች፣ እኔ ያነበብኩትንና ጋሽ ወንድይፍራው ከኋላዬ የሚቀርጹትን ማብራሪያ ታዳምጣለች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሩ ነበሩ። ሳነብ እሳቸው አጠገቤ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር አንድ ጣታቸውን ያጥፋሉ። አሥሩ ጣት ሲያልቅ እጃቸውን ዘርግተው እንደገና ይጀምራሉ። ስጨርስ «ዛሬ አሥራ ሦስት ገጽ» ይሉኛል። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። እትዬ ሙሉ በዚያ ሰዓት ልደታ ቤተ ክርስቲያን ለሠርክ ጸሎት ትሄዳለች፤ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። የሕንፃው ሰው ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ያመሰግነኛል። አንዲት እናት እጄን ይዘው «አንተ ልጅ፣ ጽድቅህን በምድር ጨረስከው» ብለውኛል። ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽም፣ ደስታው ከማንበቡ በለጠብኝ።

የመጀመሪያው ቀን ምክንያቱ ኳስ ነበር። አብነት አንድ ካፌ ውስጥ ጓደኞቼ ቦታ ይዘው እየጠበቁኝ ነበር፤ ጨዋታው የሚጀምረው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ ወንድይፍራውን «ዛሬ ትንሽ ቀደም ብዬ ልውጣ» ብላቸው ኖሮ «ሂድ ልጄ» ነበር የሚሉኝ። ይህን ዛሬም ሆነ ያን ጊዜ አውቃለሁ። ግን ያንን ማለት አልፈለግኩም። ሰዓት የማያጓድል ሰው መባሌ እንዲነካ አልፈለግኩም። የተቀመጥኩት አለቃው ኮምፒውተር ፊት ነው። አንደበቴ እያነበበ፣ እጄ ሄደና ሰዓቱን ከውጭ እንዳይጠይቅ ዘጋሁት፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ወደፊት ገፋሁት።

ጥቂት ቆይቶ ከሦስቱም ክፍል በአንድ ጊዜ «አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል» የሚል የእትዬ ሙሉ ድምፅ ተሰማ።

«ሰዓትህ ደረሰ፤ ተባረክ» አሉኝ ጋሽ ወንድይፍራው። ኮታቸውን አስተካክለው እስከ በሩ ሸኙኝ።

የቤታቸው ዋይፋይ እኔ ክፍል ድረስ ይመጣል። ደረጃውን እየወረድኩ በስልኬ ገብቼ ሰዓቱን ወደ ቦታው መለስኩት፤ አሥራ ሁለትን ድጋሚ እንዳይጠራም የዚያን ሰዓት ጥሪ አጠፋሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ኳሱን አየሁ። በሳምንቱ ኳስ አልነበረም፤ ግን ደክሞኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ምክንያት አያስፈልገኝም ነበር። ሩብ ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ሆነ። የገጹ ቁጥር እንዳይቀንስ ብዬ በፍጥነት ማንበብ ጀመርኩ፤ ቢሆንም ቀነሰ። አንድ ማክሰኞ ጣቶቻቸውን እያጠፉ ሳለ አቆሙኝ።

«ብሩክ፣ ቃላቱ እየተጋፉ ነው። ማን አባረራቸው?»

«ጉሮሮዬን ትንሽ አሞኝ ነው ጋሼ።»

ሐሙስ ስመጣ እትዬ ሙሉ ከመውጣቷ በፊት ያዘጋጀችው የዝንጅብል ሻይ ጠረጴዛው ላይ በሳህን ተከድኖ ቆየኝ። ጠጣሁት። በዚያም ቀን ሰዓቱን ገፋሁት።

ከዚያ ሰሚራ ቅደም ተከተሉ ተዘበራረቀብኝ አለች። እኔ ከሄድኩ በኋላ ጋሽ ወንድይፍራው ትንሽ አረፍ ብለው ማብራሪያቸውን ይቀርጻሉ። ሰዓቱን በዚያ መሀል መልሼዋለሁ። ስለዚህ እኔ ያነበብኩት የመጨረሻ ቁራጭ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ተጽፎ፣ ከእሱ በኋላ የተቀረጸው ማብራሪያ ላይ አሥራ አንድ ከአርባ አምስት ይጻፍበታል። ልጅቷ ገና ያልሰማችው ነገር ሲብራራላት ትሰማለች።

«ገና ያልተነበበ ነገር ነው የማብራራው» አሉኝ ጋሽ ወንድይፍራው። ፊታቸውን ወደ አፌ አዙረዋል። «ነቢይ ሆኜ ይሆን? ልጄ፣ ይሄ ሰዓት እንዲህ የሚያደርገው ለምንድን ነው?»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

«ባትሪው ነው» አልኳቸው። «በየኮምፒውተሩ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች። ስትደክም ሰዓቱ ይዋዥቃል።»

«እንዲህ ነው?» አሉ። «ከሆነ ጥሩ።»

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ሥር አገኘኋቸው። ኮታቸው ላይ አቧራ አለ፤ የሱሪያቸው ጉልበት ላይ ጭቃ። ብቻቸውን በትራቸውን ይዘው እስከ ተክለ ሃይማኖት ሄደው፣ ከሱቅ ሱቅ እየጠየቁ፣ ሦስት ባትሪ ገዝተው መምጣታቸው ነው። አንድ የተቆፈረ ቦይ ውስጥ እግራቸው ገብቶ ነበር። ባትሪዎቹን በጋዜጣ ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋል፤ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ነግረውኝ ቢሆን እኔ እገዛ ነበር እኮ ጋሼ!»

«አንተ ታነባለህ፤ እኔ ደግሞ ልግዛ» አሉኝ።

ሦስቱንም ኮምፒውተሮች ፈትቼ፣ ምንም ያልሆኑትን ባትሪዎች አውጥቼ፣ አዲሶቹን አስገባሁ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው መፍቻ ያቀብሉኝ ነበር። ያን ምሽት ክፍሌ ገብቼ ሁለተኛ አላደርገውም ብዬ ማልኩ። ሁለት ሳምንት ያህልም ሙሉ ሰዓት አነበብኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልደቱን ሊያከብር ጠራኝ።

በዚያ ቀን ሰዓቱ «አሥራ ሁለት» ሲል ጋሽ ወንድይፍራው እንደ ሁልጊዜው «ተባረክ» አላሉኝም። ትንሽ ቆይተው «ባትሪው አዲስ ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያ ሌላ ነገር ይሆናል» አሉና በሩን ከፈቱልኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሰዓት አንድም ቀን አላነሱብኝም።

መጽሐፉ ሳያልቅ የሰሚራ የመጨረሻ ፈተና ደረሰ። ሁለት ምዕራፍ ቀርቶ ነበር። የሰረቅኳቸውን ሩብ ሰዓቶችና ሃያ ደቂቃዎች ብደምራቸው እነዚያ ሁለት ምዕራፎች ናቸው፤ ከዚያም ይተርፋሉ። በመጨረሻው ሳምንት በየቀኑ ልምጣ አልኳቸው፤ መጣሁም፤ ግን አልደረስኩም። ጥያቄ የመጣው ካልተነበበው ነው። ሰሚራ ወደቀች፤ ፈተናውን እንደገና ለመቀመጥ ዓመት መጠበቅ ነበረባት።

ውጤቷን ልትነግራቸው የመጣችበት ቅዳሜ እኔም ነበርኩ። ሻይ እየጠጣን ነበር። ሰሚራ አላለቀሰችም። መሀረቧን እያጣጠፈች እየፈታች ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ሰዓቱን በደንብ አልያዝኩም። ከጅምሩ ቆጥሬ መከፋፈል ነበረብኝ። ትልቅ ሰው ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ ሰሚራ።»

እኔ ብርጭቆዬን ይዤ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ተማሪያቸውን ይቅርታ ባልጠየቁ። አልተናገርኩም። ሻዬን ጨረስኩ። እትዬ ሙሉ «ልጨምርልህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ።

በወሩ ቤት ቀየርኩ። ለሰው ሁሉ ቢሮዬ ራቀኝ አልኩ። ጋሽ ወንድይፍራው ሦስት ጊዜ ደውለውልኛል፤ አላነሳሁም። አራተኛ ጊዜ አልደወሉም።

ለቅሶው ጋ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ሕንፃው ግቢ ውስጥ ተተክሏል። ከመግባቴ በፊት ከውጭ ትንሽ ቆምኩ። ሳልገባ ልመለስ እያሰብኩ ሳለ እትዬ ሙሉ አየችኝ። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ አብጦ፣ ተነስታ መጥታ አቀፈችኝ። ከዚያ እጄን ሳትለቅ ወደ ተቀመጡት ሽማግሌዎች ዞረች።

«ይሄ ነው ያነብለት የነበረው ልጅ» አለቻቸው። «አንድ ቀን እንኳ ሰዓቱ ሳይሞላ ተነስቶ አያውቅም። ወንድሜ እስኪሞት ድረስ ስሙን በክፉ አላነሳም።»

ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። አንዱ ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። የት እንደምገባ ጠፋኝ። ጋሽ ወንድይፍራው ለእህታቸው እንኳ አልነገሩም ማለት ነው።

ሰሚራ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስሜን ከመናገሬ በፊት «መጣህ?» አለችኝ። እንደ እሳቸው በእርምጃዬ አውቃኛለች። ፈተናውን በዓመቱ ተቀምጣ አልፋ፣ አሁን አቅም ለሌላቸው ሰዎች የፍርድ ቤት ማመልከቻ በማዘጋጀት እንደምትሠራ ነገረችኝ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ካልተናገርኩ እንደማልናገር አወቅኩ።

«ሰሚራ፣ ያን ጊዜ ሰዓቱን... ባትሪ አልነበረም። እኔ ነበርኩ የምገፋው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ጋሼ ነገሩሽ?»

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የእሳቸው ማብራሪያ ውስጥ ፀሐይ ስትጠልቅ ከመስጊድ የሚጠራው የመግሪብ አዛን ይሰማል። መጀመሪያ ላይ ገና ማብራራት ሲጀምሩ ነበር የሚሰማው። በኋላ እየቆየ፣ እየቆየ መጣ፤ ብዙ አብራርተው ሊጨርሱ ሲሉ። አዛን ደግሞ አንተ ስለቸኮልክ አይዘገይም። ሰዓቱን ማን እንደሚነካው ለማወቅ ሕግ መማር አላስፈለገኝም።»

«እሳቸው ምን አሉሽ?»

«‹እኔም ገጹን እቆጥራለሁ› አሉኝ። እንንገረው አልኳቸው። ‹ከነገርነው ያፍራል፣ ካፈረ አይመጣም፣ ካልመጣ ማን ያነብልሻል?› አሉ። ራሱ ይናገር እንደሆን ብለው ግን ጠይቀውህ ነበር። ባትሪ ነው አልካቸው። ስለዚህ ባትሪ ገዙ።»

የሱሪያቸው ጉልበት ላይ የነበረው ጭቃ ታየኝ።

«እንግዲህ ይቅር ብለውኝ ነበር ማለት ነው» አልኩ። ጥያቄም አልነበረም፤ ልመና ነበር።

ሰሚራ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«የእሳቸውን አላውቅም። ልባቸው ሰፊ ነው፤ ብለውህ ይሆናል። እኔ ግን ይቅር ብዬህ አይደለም ዝም ያልኩት። ሌላ አንባቢ ስላልነበረን ነው። አርባ ደቂቃ ከምናጣ ሃያ ብንዘረፍ ይሻለናል ብለን ነው።»

ሳይጠይቁኝ ማለፋቸውን እንደ ፍቅር ቆጥሬው ነበር የኖርኩት። እነሱ ግን ምርጫ አልነበራቸውም፤ እኔም ያንን አውቄ ነበር የተጠቀምኩበት።

«አሁን ማን ያነባል?» አልኳት።

«ማንም። እትዬ ሙሉ ቤቱን አልዘጋም ብላለች። ሁለት አዳዲስ ልጆች አሉ፤ አንባቢ የላቸውም።»

«እኔ ልምጣ?»

ሰሚራ መሀረቧን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ና» አለች በመጨረሻ። «ልጆቹ ያስፈልጋቸዋል። አጠገብህ ግን ሰዓት የሚያይ ሰው አስቀምጣለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

ከአርባው በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብዬ ደረጃውን ወጣሁ። እትዬ ሙሉ በሩን ከፈተችልኝ። ሳሎን ከኮምፒውተሩ ፊት የእኔ ወንበር አለ፤ ከጎኑ ሌላ ወንበር ተቀምጧል። ስልኳን ይዛ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሰሚራ ናት አብረሽው ተቀመጪ ያለችኝ» አለችኝ። «ወንድሜ ስለሌለ ብቻህን እንዳይከፋህ ብላ ነው መሰለኝ። መቼም አሳቢ ልጅ ናት።»

መጽሐፉ ጉልበቴ ላይ ነበር። አልከፈትኩትም።

«እንዳይከፋኝ ብላ አይደለም እትዬ ሙሉ» አልኳት። ከዚያ ኳሱ ከነበረበት ቀን ጀምሬ ነገርኳት።